መዳቡ አያረጅም፣ ልብሱ ነው የሚያረጀው

ትልቅ ሞተር ሲቃጠል ቀድሞ የሚደርሰው ሽታው ነው። የተቃጠለ ቫርኒሽ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ልብስ ውስጥ ገብቶ ቤት ድረስ ይከተላል። ከዚያ ሰው ይሰበሰባል። አንዱ «መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለ» ይላል። ሁሉም ይስማማል። ሪፖርቱም ላይ እንደዚያው ይጻፋል።

እኔም እንደዚያው ብዬ አውቃለሁ። ከዓመታት በፊት ከምሠራበት ፋብሪካ አንድ የውሃ ፓምፕ ሞተር አስጭኜ ሞተር ጥቅለላ ቤት ወሰድኩ። ባለሙያው በዕድሜ የገፉ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ነበሩ። ክዳኑን አስፈትተው የሚዞረውን ክፍል፣ ሮተሩን፣ አስወጡ። ከዚያ በእጅ ባትሪ ወደ ውስጥ እያበሩ ጥቅሎቹን በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ጥቁር፣ ጥቁር፣ ደህና። ጥቁር፣ ጥቁር፣ ደህና። ዙሪያውን ሁሉ እንዲሁ ነበር።

«ስታር ነው የታሰረው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።» ስታርና ዴልታ የሞተሩ ጥቅሎች ከሦስቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች፣ ከፌዞቹ ጋር የሚታሰሩባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው።

«በል ሂድና ባልቦላዎቹን እይ። አንድ ፌዝ ጎድሎበት በሁለቱ ሲለፋ ነው የተቃጠለው።»

ሄጄ አየሁ። ከሦስቱ አንዱ ባልቦላ ተበጥሷል። ሞተሩ ዴልታ ቢሆን ኖሮ የሚጠቁረው አንዱ ፌዝ ብቻ እንደሆነ፣ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ቢሆን ደግሞ ሦስቱም እኩል እንደሚጠቁሩ የተማርኩት የዚያን ቀን ነው። አልረሳ ያለኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጋሼ «ደህና» ካሏቸው ጥቅሎች አንዱን በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። ቫርኒሹ እንደ ደረቀ የዛፍ ቅርፊት እየተፈረፈረ ወረደ። «ይኼኛውም ብዙ አልቀረውም ነበር» አሉ።

ሞተሩ ለዓመታት ሲያረጅ ኖሯል። የባልቦላው መበጠስ ያገኘው አልቆ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ማለቅ ነው፤ ማንም ሳያየው፣ ማሽኑ እየሠራ፣ ቀስ በቀስ ስለሚመጣው ማለቅ።

ከመሠረቱ እንነሳ። ሞተርም ሆነ ጄኔሬተር በውስጡ የመዳብ ጥቅል አለው። ጥቅሉ የሚቀመጠው ከስስ የብረት ሉሆች ተደራርቦ በተሠራ አካል ላይ በተቆረጡ ቦዮች ውስጥ ነው። መዳቡና ብረቱ መነካካት የለባቸውም። አንዱ ዙር ከሌላው ዙር መነካካት የለበትም። ስለዚህ መዳቡ ይለብሳል። ልብሱን ኢንሱሌሽን እንለዋለን። ትልቅ ማሽን ላይ ልብሱ ድርብርብ ነው። እያንዳንዱ ቀጭን ሽቦ የራሱ ስስ ሽፋን አለው። ዙሮቹ እርስ በርስ የሚለያዩበት ሌላ ሽፋን አለ። ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ከብረቱ የሚለየው ወፍራም ካፖርት ይመጣል።

ይህ ልብስ ምንም ኃይል አያመነጭም። ምንም አያዞርም። እንዲያውም ማሽኑን ያስቸግረዋል፤ ከመዳቡ የሚወጣው ሙቀት ማለፍ ያለበት በእሱ በኩል ነውና። ጋቢ ደርቦ ምድጃ ዳር እንደተቀመጠ ሰው አስቡት። ሆኖም ልብሱ ከሌለ ማሽኑ አይኖርም። መዳብና ብረት በአግባቡ ከተያዙ ለብዙ አሥርተ ዓመታት አይደክሙም። ኢንሱሌሽኑ ውስጥ ግን ሙጫ አለ። ሙጫ ደግሞ ያረጃል።

ከልብሱ ውስጥ ጠንካራው ሚካ ነው። የድሮ ካውያ ፈታታችሁ የምታውቁ ከሆነ ሚካን አይታችኋል፤ የሚግለው ሽቦ የተጠመጠመበት፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ቅጠል የሚላላጥ ስስ ነገር ነው። ድንጋይ ነው፤ ከመሬት ተቆፍሮ ይወጣል። ሙቀት አይፈራም፣ ብልጭታም ቶሎ አይበላውም። ከመቶ ዓመት በላይ ምትክ ያልተገኘለትም ለዚህ ነው። ችግሩ ብቻውን ተሰባሪ መሆኑ ነው፤ የሚያያይዘው ሙጫ ይፈልጋል። በፊት ሬንጅ ነበር። ሬንጅ ሲሞቅ ይለሰልሳል። በአሜሪካ ረዣዥም የእንፋሎት ጄኔሬተሮች ሲሠሩ፣ መዳቡ ሞቆ በተሳበ ቁጥር በሬንጅ የተያዘው ልብስ አብሮ እየተሳበ፣ ሲቀዘቅዝ ግን ወደ ቦታው ሳይመለስ ቀረ። በመጨረሻ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ተሰነጠቀ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሠሪዎች ወደ ፖሊስተርና ወደ ኤፖክሲ የዞሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዛሬ ትልቅ ጄኔሬተር ላይ የምናገኘው ሚካ፣ የመስታወት ክርና ኤፖክሲ በአንድነት የደረቁበት ልብስ ነው።

አሁን ወደ ገዳዮቹ። አንደኛው ሙቀት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1889 ስዊድናዊው ኬሚስት ስቫንቴ አሬኒየስ ሙቀት ሲጨምር የኬሚካል ለውጥ በምን ያህል እንደሚፈጥን አሳየ። ኢንሱሌሽን ውስጥ የሚሆነውም ያው የኬሚካል ለውጥ ነው። ኦክስጅን ሙጫውን ቀስ እያለ ይበላዋል። ረጃጅሙ የሙጫ ሰንሰለት ይበጣጠሳል፤ ልብሱ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። እ.ኤ.አ. በ1930 ሞንትሲንገር የተባለ መሐንዲስ ይህን ለሠራተኛ በሚገባ ልክ አስቀመጠው። ሙቀቱ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። ደንቡ ግምት ነው፤ ግን እስከ ዛሬ በየፋብሪካው ይሠራበታል።

ሞተር ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ተመልከቱ። ከፊደሎቹ መካከል ቢ፣ ኤፍ ወይም ኤች የሚል ታገኛላችሁ። ቢ ማለት 130፣ ኤፍ 155፣ ኤች 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ብዙ ሰው ይህን «እስከዚህ ድረስ ምንም አይሆንም» ብሎ ያነበዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። እነዚህ ቁጥሮች የተያያዙት ቤተ ሙከራ ውስጥ በግምት 20,000 ሰዓት ከመቆየት ጋር ነው። ሌት ተቀን ለሚሠራ ማሽን 20,000 ሰዓት ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ማለት ነው! በሞንትሲንገር ደንብ ብናሰላው የኤፍ ልብስ በ145 ዲግሪ 40,000 ሰዓት፣ በ135 ዲግሪ 80,000፣ በ125 ዲግሪ 160,000 ሰዓት ይሄዳል። የመጨረሻው 18 ዓመት ያህል ነው። ጥሩ ሠሪዎች የኤፍ ልብስ አልብሰው በቢ ሙቀት እንዲሠራ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ያቺ የ25 ዲግሪ ልዩነት የማሽኑ ጡረታ ናት። እኛ ማራገቢያውን አቧራ ሲደፍነው ዝም ካልን ከዚያች ጡረታ ላይ ነው የምንበላው።

ሙቀት የሚጨምረው ደግሞ በጭነት ብቻ አይደለም። የሦስቱ ፌዞች ቮልቴጅ እኩል ካልሆነ ሞተሩ ሳይጫን ይግላል። በስሌት፣ ልዩነቱን በመቶኛ ወስዳችሁ በራሱ አባዙት፣ ከዚያ በሁለት አባዙት። የ3.5 በመቶ ልዩነት የሙቀቱን ጭማሪ በ25 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ይህን በአምፔር ሜትር ብቻ አይቶ መገመት ይከብዳል።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ከፍታ ማንሳት አለብኝ። ሞተር ሲሠራ ሰሌዳው ላይ ሌላ ካልተጻፈ በቀር ከባሕር ወለል እስከ 1,000 ሜትርና እስከ 40 ዲግሪ አየር ድረስ ተብሎ ነው የሚሠራው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሳስቶ የሚነፍስ አየር ደግሞ ያን ያህል ሙቀት አይወስድም። ዓለም አቀፉ ደረጃ ከ1,000 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ከተፈቀደው የሙቀት ጭማሪ አንድ በመቶ ያህል ይታሰብ ይላል። ለአዲስ አበባ 13 በመቶ ይመጣል፤ በኤፍ ከሚፈቀደው ጭማሪ ላይ ሲሰላ ወደ 14 ዲግሪ ነው። ደስ የሚለው፣ ተፈጥሮ ራሷ ትክሰናለች። ከተማዋ አሪፍ ናት፤ ከ26 ዲግሪ አየር ውስጥ የሚሠራ ሞተር ከ40 ዲግሪው ያነሰ ይጀምራል። ሒሳቡ ይጣጣማል ማለት ነው። ያው ሞተር ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ቦይለር አጠገብ ከተተከለ ግን ማካካሻው የለም። ብዙ ቦታ ያየሁት ስህተት ይህ ነው። «አዲስ አበባ ብርድ ነው» ይባላል፤ ሞተሩ የሚተነፍሰው ግን የከተማውን አየር ሳይሆን የክፍሉን አየር ነው።

ሁለተኛው ገዳይ ኤሌክትሪኩ ራሱ ነው። በ400 ቮልት ሞተር ላይ ይህን ብዙም አናየውም። ከሦስት ኪሎቮልት በላይ ስንወጣ ግን ዋናው ጉዳይ ይሆናል።

አንድ የ13.8 ኪሎቮልት ጄኔሬተር እንውሰድ። ከመዳቡ እስከ ብረቱ ያለው ግፊት 8 ኪሎቮልት ያህል ነው። የልብሱ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ከሁለት ተኩል ኪሎቮልት በላይ ይሸከማል። ሚካና ኤፖክሲ ይህን በቀላሉ ይችሉታል። አሁን ልብሱ ውስጥ አንዲት የአየር ኪስ ቀርታለች እንበል፤ ሲሠራ ሙጫ ያልደረሰባት፣ ወይም ሙቀት የከፈታት። ኪሷ ውስጥ ያለው አየር ከዙሪያው ካለው ልብስ አራት እጥፍ ያህል ጫና ይደርስበታል። የኤሌክትሪክ መስክ ጠባይ ነው፤ ደካማው ላይ ይበረታል። አየር ደግሞ በተለመደው ሁኔታ በሚሊ ሜትር 3 ኪሎቮልት ገደማ ላይ ይሸነፋል፤ በጠባብ ክፍተት ከዚያ ጥቂት ከፍ ይላል። ስለዚህ ኪሷ ውስጥ ትንሽ ብልጭታ ይነሳል። ይጠፋል። እንደገና ይነሳል። በእኛ መስመር ቮልቴጁ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ብልጭታውም በየምልልሱ ይደጋገማል። ባለሙያዎች ከፊል ፍንጣቂ ይሉታል፤ ከመዳብ እስከ ብረት ሳይደርስ በመንገድ የሚቀር ብልጭታ ነውና።

ይህ ብልጭታ ሙጫውን ይበላል። ሚካው ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ መንገድ ፈልጎ በሚካዎቹ መካከል ይዞራል። ለዚህ ነው ጥሩ ሚካ ያለው ጄኔሬተር ከፊል ፍንጣቂ እያለበት ለብዙ ዓመታት የሚሠራው። ሚካ የሌለበት ልብስ ቢሆን በጣም ፈጥኖ ያልቅ ነበር።

ብልጭታው ከልብሱ ውጭም ሊሆን ይችላል፤ በዓይንና በአፍንጫ የምንይዘውም ያንን ነው። ጄኔሬተሩ ሲከፈት የጥቅሉ ጫፎች ላይ፣ ሁለት ፌዞች በሚቀራረቡበት ቦታ ነጭ ዱቄት ታያላችሁ። ኖራ የተረጨ ይመስላል። አየሩ ደግሞ ሥራ የበዛበት ፎቶኮፒ ቤት የሚሸተውን ይሸታል። ያ ኦዞን ነው። ኦዞኑ ጎማ ያደርቃል፣ ብረት ያዝጋል። ከአየሩ ናይትሮጅንና ከእርጥበት ጋር ሆኖም አሲድ ይሠራል። እዚህ ላይ ከፍታ እንደገና ይመጣል። ልብሱ ውስጥ ታሽጎ የቀረ ኪስ ስለ ውጭው አየር ደንታ የለውም። ከልብሱ ውጭ ያለው ክፍተት ግን የደጋውን ስስ አየር ነው የያዘው፤ ስስ አየር ቶሎ ይሸነፋል። የሙቀቱን ጉድለት ብርዱ ይክሰዋል፤ ይህን ግን አይክሰውም። ለደጋ የሚገዛ ከፍተኛ ቮልቴጅ ማሽን ሲታዘዝ ከፍታው ውሉ ላይ መጻፍ አለበት።

ሦስተኛው መነቃነቅ ነው። በቦዩ ውስጥ ያለው የመዳብ ዘንግ በየምልልሱ ሁለት ጊዜ ይገፋል፤ በ50 ኸርዝ በሰከንድ 100 ጊዜ። በሽብልቅ ተወጥሮ እስከተያዘ ድረስ አይነቃነቅም። ሙጫው በዓመታት ሲኮማተር ግን ሽብልቁ ይላላል። ዘንጉ ከብረቱ ጋር መፋተግ ይጀምራል። መጀመሪያ የሚላጠው ከላይ ያለው ጥቁር የካርቦን ቀለም ነው፤ ሥራው በልብሱና በብረቱ መካከል ብልጭታ እንዳይነሳ ማድረግ ነበር። እሱ ሲላጥ ብልጭታው ይገባል። አንዱ ገዳይ ለሌላው በር ከፈተ ማለት ነው። ባለሙያ ሽብልቁን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርጎ ያዳምጣል። የተወጠረው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የላላው ባዶ ድምፅ።

ማስነሳትም እዚሁ ይመደባል። በቀጥታ የሚነሳ ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ጅረት ይስባል። ጥቅሉን የሚገፋው ኃይል በጅረቱ ስኩዌር ልክ ነው፤ ስድስት እጥፍ ጅረት ሠላሳ ስድስት እጥፍ ግፊያ ያመጣል። መብራት በቀን አራት ጊዜ ሄዶ በመጣ ቁጥር ሞተሩ ያንን ግፊያ ይቀምሳል። «መብራት ሄዶ ሲመጣ» የሚለው ክስ እንግዲህ ባዶ አይደለም። እውነት አለበት። ብቻ ጥፋቱ የመጨረሻዋ መምጣት ላይ ሳይሆን ከእሷ በፊት በነበሩት ሁሉ ላይ የተከማቸ ነው። ጄኔሬተርም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። ጭነቱ በወጣና በወረደ ቁጥር መዳቡ ይረዝማል፣ ያጥራል፤ ልብሱ በዚያው ልክ አይከተለውም። የኤሌክትሪካችን ዋና ምንጭ ውሃ በመሆኑ ይህ ነገር በቀጥታ ይመለከተናል። ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ቆቃ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ፣ ሁለቱም ላይ ሰዓቱ ይቆጥራል። የህዳሴው የመጀመሪያ ዩኒት ኃይል ማመንጨት የጀመረው የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ የልብሱ ዕድሜ የሚቆጠረውም ሥራ ከጀመረበት ቀን እንጂ ከምረቃው አይደለም።

ኢንቨርተር፣ ማለትም የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር መሣሪያ፣ ያለበት ሞተር ለብቻው ይታይ። ኢንቨርተሩ የሚልከው ቮልቴጅ ጫፉ የሾለ ነው፤ ረጅም ኬብል ላይ ሞተሩ ጋ ሲደርስ ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። የሚጎዱት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዙሮች ናቸው። ለኢንቨርተር ተብሎ የተሠራ ሞተር መግዛት፣ ወይም መካከል ላይ ማጣሪያ ማስገባት ነው።

የቀረው እርጥበት ነው። እኛ አገር በጣም የምንጎዳበት ይኼ ይመስለኛል፤ በቀላሉ የምንከላከለውም ይኼው ነው። የሚሠራ ሞተር ሞቃት ስለሆነ እርጥበት አይቀርበውም። የቆመ ሞተር ግን ማታ ሲቀዘቅዝ ጤዛ ይይዛል። ጤዛው በተሰነጠቀው ልብስ ይገባል። አቧራና ዘይት ካለበት ደግሞ ላዩ ላይ የኤሌክትሪክ መንገድ ይሠራል። ክረምቱን በሙሉ ቆሞ መስከረም ላይ የሚነሳ የመስኖ ፓምፕ፣ ለጥገና የቆመ የስኳር ፋብሪካ ሞተር፣ የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ነው።

ይህን ቀድሞ የሚያሳየው ሜገር ነው። ሜገር በከፍተኛ የማይለዋወጥ ቮልቴጅ ልብሱን ገፍቶ ምን ያህል እንደሚቋቋም ይነግረናል። ከአንድ ኪሎቮልት በታች ለሆነ ሞተር ቢያንስ 5 ሜጋ ኦም፣ ለዘመናዊ ከፍተኛ ቮልቴጅ ጥቅል ቢያንስ 100 ሜጋ ኦም ይፈለጋል፤ በ40 ዲግሪ ታስቦ። አንድ ንባብ ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም። ለትልልቆቹ የአንድ ደቂቃውን ንባብና የአሥር ደቂቃውን አወዳድሩ። ደረቅና ንጹሕ ልብስ ላይ ቁጥሩ እየወጣ ይሄዳል፤ የአሥረኛው ደቂቃ የመጀመሪያውን ሁለት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። እርጥብ ከሆነ እዚያው ይቆማል። የዛሬውን ቁጥር ካለፈው ዓመት ጋር የምታስተያዩበት ደብተር ካለ ደግሞ የበለጠ ይናገራል። ሜገር ግን የማያየው አለ። በሙቀት ደርቆ የተሰባበረ ልብስ ደረቅ ስለሆነ ብቻ ጥሩ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። የጋሼን ጥፍር የሚተካ ቁጥር አላገኘሁም።

አንድ ዓመት መስከረም ላይ፣ ክረምቱን የቆመ የ110 ኪሎዋት ሞተር ሜገር አድርገን 1 ሜጋ ኦም አገኘን። አለቃው «ይነሳና ራሱ ይደርቃል» አለ። ለመንነው። ክዳኑን ከፍተን ዙሪያውን በሸራ ከለልን፤ ከውስጥ የማሞቂያ አምፖሎች ሰቀልን። ቶሎ እንዲደርቅ ብለን አላጋልነውም፤ ውስጡ የቀረው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ልብሱን እንዳይቀደው። ማታ ላይ ስንለካው ቁጥሩ ከ1 በታች ወርዷል። የተበላሸ መሰለን። ግን እንደዚያ ነው የሚሆነው። ልብሱ ሲሞቅና ውሃው መንቀሳቀስ ሲጀምር ንባቡ መጀመሪያ ይወርዳል። በማግስቱ ሲመሽ 4 ደረሰ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት 60 አለፈ፤ አሁንም ይወጣ ነበር። ከሰዓት በኋላ አስነሳነው፤ ያለ ምንም ድምፅ ዞረ። ያን ሳምንት ሆዱ ውስጥ ትንሽ ማሞቂያ አስገብተን ሞተሩን ከሚያበራና ከሚያጠፋው ኮንታክተር ጋር አሰርነው፤ ሞተሩ ሲቆም እሱ ይበራል።